የፔሬድ አፕ ላይ የምንሞላው መረጃ ማን ጋ ነው የሚሄደው?

የጓሳ ልጅ፦

ሰላም ናችሁ እህቶች፣ የምታውቁ ወንድሞችም ካላችሁ መልሱልኝ። የወር አበባ መከታተያ አፕ ላይ የምንሞላው ነገር ስልካችን ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው ወይስ ሌላ ቦታ ይሄዳል? ለራሴም ነው የምጠይቀው ግን ይበልጥ ያሳሰበኝ የታናሽ እህቴ ነገር ነው። እኔ ደብረብርሃን ነው የምሰራው፣ እሷ መሀል ሜዳ 10ኛ ክፍል ናት፣ ፔሬዷ ቀኑን ስለማይጠብቅ ክፍል ውስጥ እያለች ይመጣባትና ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ነው ወደ ቤት የምትመለሰው። አፕ ጫኚልኝ እያለች ነው፣ የምጠቀመውን ልልክላት ስል ግን እኔስ ይሄን ነገር መች አውቀዋለሁ ብዬ ተውኩት።

አፑን ያገኘሁት ከጓደኛዬ ነው፣ ፕሪሚየሙ የተከፈተ ነው ብላ በቴሌግራም ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) ላከችልኝ። ስከፍተው ስም፣ ኢሜይል፣ የትውልድ ዘመን፣ ኪሎ፣ ቁመት ጠየቀኝ እሺ ብዬ ሞላሁ፣ ቀጥሎ ልጅ መውለድ ታስቢያለሽ ወይ፣ ግንኙነት ያደረግሽው መቼ ነው፣ ኮንዶም ነበር ወይ፣ ዛሬ ስሜትሽ እንዴት ነው፣ እንቅልፍሽስ፣ በየቀኑ አዲስ ጥያቄ አያጣም። ከዛ ሎኬሽን ፍቀጂልኝ ኮንታክት ፍቀጂልኝ አለ። ኮንታክቱ ላይ ስደርስ ከለከልኩት፣ ወር አበባዬን ለመቁጠር የእናቴ ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል?

ሌላው ደሞ የቤት ውስጡ ነው፣ እሱ ይብስብኛል። ወንድሜ ሊደውል ስልኬን ይዞት እያለ "ፔሬድሽ ሊመጣ 2 ቀን ቀርቶታል" የሚል ኖቲፊኬሽን ከላይ ዱብ አለ። ምንም አላለኝም ስልኩን መለሰልኝ፣ ግን እኛ ቤት ይሄ ነገር በአባትና በወንድም ፊት አይነሳም፣ ያገራችንን ነገር ታውቁታላችሁ። እህቴ ደሞ የራሷ ስልክ የላትም የእናታችንን ነው የምትጠቀመው፣ የእናታችን ስልክ ማለት የቤቱ ሁሉ ስልክ ማለት ነው።

እና አፑን ባጠፋው የሞላሁት ሁሉ አብሮ ይጠፋል? ለ10ኛ ክፍል ልጅስ ምን ብሰጣት ይሻላል? ይሄ የሰውነቷ ጉዳይ ስለሆነ እንዲሁ በዘፈቀደ ልጭንላት አልፈልግም።


ጣርማበር፦

እህቴ በደንብ ነው የጠየቅሽው። የደብረሲና ልጅ ነኝ፣ አሁን አዲስ አበባ አፕ መስራት ነው ስራዬ፣ ስለዚህ ከውስጥ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያንን ኤፒኬ ከስልክሽ አስወጪው፣ ግን በቅደም ተከተል አድርጊው። አፑ ውስጥ ሴቲንግ ገብተሽ ዲሊት አካውንት የሚለውን ፈልጊና አካውንቱን ዝጊ፣ እሱ ካለቀ በኋላ ነው አፑን የምታነሺው። አፑን ብቻ ካነሳሽው ሰርቨር ላይ፣ ማለት የኩባንያው ኮምፒውተር ላይ፣ ያለው መረጃ ንክች አይልም፣ ከአመት በኋላ በዛው ኢሜይል ብትገቢ ሁሉንም ዘርግፎ ያሳይሻል። ዲሊት የሚል ከሌለው የሞላሽውን አንድ በአንድ አጥፊ፣ ከዛ ለባለቤቶቹ ኢሜይል ላኪና አካውንቴንና መረጃዬን አጥፉልኝ በያቸው። "ፕሪሚየሙ የተከፈተ" የሚባለው ደሞ አንድ የማናውቀው ሰው አፑን ፈታቶ ውስጡን ነካክቶ መልሶ የገጠመው ነው፣ ክፍያውን ሲያነሳ ሌላ ምን እንደጨመረበት ከላይ አይታይም፣ የጓደኛሽም ጥፋት አይደለም እሷም ከሌላ ሰው ነው የደረሳት። እንዲህ ያለ አፕ ላይ የጤና መረጃ መሙላት እኔ በጭራሽ አልመክርም።

ወዴት ይሄዳል ላልሽው፣ አፕ የሚሰራ ሰው ሁሉን ነገር ከዜሮ አይጀምርም፣ ስንት ሰው ምኑን እንደነካ ለመቁጠርና ማስታወቂያ ለማምጣት ከፌስቡክ ከጎግል ምናምን ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ ወስዶ አፑ ውስጥ ይከታል፣ ኤስዲኬ ነው የሚባለው። አንቺ አንዷን ነገር ስትነኪ ያ ኮድ "እንዲህ የሚባለው ተነካ" ብሎ ለባለቤቱ ይልካል፣ አብሮ ደሞ የስልክሽን የማስታወቂያ መለያ ቁጥር ይልካል። ስምሽን አልላክንም ይሉሻል፣ ግን ያ መለያ ቁጥር ሌሎቹም አፖችሽ የሚያዩት ያው ቁጥር ስለሆነ ሁለቱን አገጣጥሞ አንቺን ማወቅ አይከብድም።

ይሄ የኔ ጥርጣሬ አይደለም፣ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ነገር ነው (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ፍሎ የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው የተጠቀመበት ነው። በ2019 ዎል ስትሪት ጆርናል ፈትሾ አንዲት ሴት ፔሬድ ላይ መሆኗን ወይ ማርገዝ መፈለጓን ስትሞላ ያ ወሬ ለፌስቡክ እንደሚደርስ አወጣ። ከዛ የአሜሪካው የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ያዘው፣ የክሱን ወረቀት ስታነቢው ወደ ውጪ ከሚላኩት ኢቨንቶች (ያ ኮድ የሚልካቸው "ይሄ ተነካ" የሚሉ መልእክቶች) የአንዱ ስም ራሱ "የእርግዝና ሳምንት ተመረጠ" እንደማለት ነው፣ ማለት የኢቨንቱን ስም ብቻ ያየ ሰው ሴትየዋ ማርገዟን ያውቃል። ኩባንያው ግን ለተጠቃሚዎቹ የጤና መረጃችሁ ከኛ አያልፍም ዓይነት ቃል ገብቶላቸው ነበር። በ2021 ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ተስማምቶ ተዘጋ፣ ከዛ ወዲህ ሳያስፈቅድ እንዳያጋራ ታዘዘ። በ2025 ኦገስት ደሞ ሳንፍራንሲስኮ ላይ ጁሪው የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ራሱ የካሊፎርኒያን የግላዊነት ህግ ጥሷል ብሎ ወሰነበት። ፕሪሞም የሚባለውም በ2023 በዚሁ ጉዳይ 100,000 ዶላር ተቀጥቷል፣ እሱ ላይ የሎኬሽንና የስልክ መለያ መረጃ ቻይና ላሉ ሁለት ድርጅቶች ሁሉ ደርሶ ነበር።

ለምን ይፈልጉታል ካልሽኝ፣ ያረገዘች ሴት የምትገዛው ነገር በአንዴ ይቀየራል፣ ከሱቁ ሁሉ ቀድሞ ያወቀ ማስታወቂያውን ቀድሞ ያደርሳታል፣ ገንዘቡ እዛ ላይ ነው።

አሁን ስልክሽ ላይ የምታደርጊው፣ ሴቲንግ ገብተሽ ጎግል የሚለውን ከዛ Ads (ማስታወቂያ) የሚለውን ፈልጊ፣ ዲሊት አድቨርታይዚንግ አይዲ ይላል፣ አጥፊው፣ ምንም አይጎድልብሽም። ፐርሚሽን ውስጥ ግቢና የትኛው አፕ ሎኬሽን ኮንታክትና ማይክ እንደተፈቀደለት እይ፣ የቀን ቆጠራ ለሚሰራ አፕ ከኖቲፊኬሽን ውጪ አንዱም አያስፈልገውም። ፕሌይ ስቶር ላይ ዳታ ሴፍቲ የሚል ክፍል አለ እሱንም አንብቢ፣ ግን እሱን የሚሞላው አፑን የሰራው ሰው ራሱ ነው፣ ብዙ አትመኚበት።

አፕ ካስፈለገሽ ድሪፕ የሚባለውን እይው። ኮዱ ለሁሉ ክፍት ነው፣ አካውንት አይጠይቅም፣ የሞላሽው ስልክሽ ላይ ነው የሚቀረው፣ የራሱ ፓስዎርድ አለው፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ሲሰነብትም ይሰራል፣ እኛ ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዩኪ የሚባልም አለ እንደዛው ስልክ ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ፣ እሱ ደሞ አንድ ሰው አስገድዶ ክፈቺ ቢልሽ 0000 ብለሽ ስትገቢ ሌላ የውሸት ገጽ ያሳያል። የነዚህ ጉዳታቸው ስልኩ ከጠፋ መረጃውም አብሮ መጥፋቱ ነው፣ ድሪፕ ላይ ኤክስፖርት አድርገሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ ግን ያ ፋይል ማንም ከፍቶ የሚያነበው ነው፣ ቴሌግራም ላይ እንዳታስቀምጪው።


ቀወት፦

እኔ ግን እንዲህ መጨነቅ ያለብን አይመስለኝም፣ አትቀየሙኝ። ሸዋሮቢት ላለችው ለኔ አሜሪካ ያለ ኩባንያ ፔሬዷ መጣ አልመጣ ብሎ ምን ያገኛል? ሞዴስ ማስታወቂያ ቢያመጣልኝ ምን ቸገረኝ። ቤተክርስቲያን ሄደን ከደጅ ስንቆም እኮ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ይሄ ያን ያህል የሚደበቅ ሚስጥር አይደለም። ይልቅ የልጅቷን የወንድሟን ነገር ነው በደንብ ያየሁት፣ እኔ ብሆን ስለ ፌስቡክ ከማሰቤ በፊት ያንን ኖቲፊኬሽን ነው የማስቆመው። እኛ ጋ ሴት ልጅን የሚጎዳት ቅርብ ያለው ነው።


ጣርማበር፦

ቀወት ስለ ቅርቡ ያልሽው ልክ ነው በሱ እስማማለሁ። በደጁ ነገር ግን አንድ ልበል፣ ከደጅ የቆመች ሴት ያን ቀን ያያት ሰው አይቷት ያልፋል፣ አያይዞም የሚጽፈው የለም። አፑ ላይ ያለው ግን የአመታት መዝገብ ነው፣ መቼ ቀረ፣ መቼ ዘገየ፣ ከዛ በፊት ምን ሆነ፣ መቼ ተመልሶ መጣ፣ ይሄን ተከታትሎ ያነበበ ሰው ማንም ያልተነገረውን ነገር ያውቃል። አሜሪካ ላይ በ2022 ጁን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጽንስ ማቋረጥን መብት ከሻረው በኋላ ብዙ ሴቶች አፖቻቸውን ያጠፉት ለዚህ ነው። ነብራስካ ላይ አንዲት እናትና ልጇ በጽንስ ማቋረጥ ጉዳይ ሲከሰሱ የተያዘባቸው ማስረጃ ከፔሬድ አፕ የመጣ አልነበረም፣ የሜሴንጀር ወሬያቸው ነው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከፌስቡክ የተወሰደው፣ ግን ነገሩ ያው ነው፣ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ነገር አንድ ቀን ይወጣል።

ሩቅና ቅርብ ደሞ ሁሌ የተለያየ አይደለም። ግሎው የሚባል አፕ ነበር፣ ከባል ወይ ከፍቅረኛ ጋር መረጃ የሚያጋራ ክፍል ነበረው፣ ኢሜይልሽን የሚያውቅ ሰው አንቺ እሺ ሳትይ ራሱን ካንቺ ጋር አገናኝቶ መረጃሽን ማየት ይችል ነበር። በ2020 ካሊፎርኒያ ላይ 250,000 ዶላር ከፍሏል። የኩባንያው ዝርክርክነት ነው ለቤት ውስጡ ሰው በሩን የከፈተለት።


አዋላጅ ነኝ፦

ልጆቼ እኔ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ከመንዝ ነኝ፣ ብዙ አመት ሰርቻለሁ። የቴክኖሎጂውን ወንድማችሁ ነግሯችኋል፣ እኔ የማውቀውን ልጨምር።

ሴት ልጅ ወደኛ ስትመጣ መጀመሪያ የምንጠይቃት ኤልኤንኤምፒ ነው፣ የመጨረሻው ፔሬዷ የጀመረበት ቀን ማለት ነው። ቀጥሎ በየስንት ቀኑ ይመጣል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ይበዛል ወይ፣ ያማል ወይ። በቃ። ቀጣዩን ለመገመት የሚያስፈልገውም የጀመረበት ቀን ነው ሌላ ምንም አይደለም። ግንኙነት መቼ አደረግሽ፣ ኪሎሽ ስንት ነው፣ ተናደሻል ወይ፣ ይሄን ሁሉ ሳትሞሉለት ቀኑን ይቆጥርላችኋል፣ እኛ ራሱ ለህክምናው ካላስፈለገን አንጠይቅም፣ የተነገረንንም ከክፍሉ አናስወጣም፣ የሙያችን ግዴታ ነው። ስለዚህ አፕ ከተጠቀማችሁ የጀመረበትን ቀን ብቻ ስጡት፣ ሌላውን እለፉት፣ ስማችሁንም የትውልድ ዘመናችሁንም ትክክለኛውን መስጠት የለባችሁም።

ለእህትሽ ግን እኔ ብጠየቅ ወረቀት ነው የምሰጣት። የኛ ዘመን አቆጣጠር እኮ ለዚህ በጣም የተመቸ ነው፣ ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ በ28 ቀን የሚመጣባት ልጅ በሚቀጥለው ወር ሁለት ቀን ቀደም ብላ መጠበቅ ነው። ጥቅምት 12 በሚካኤል ከጀመራት ህዳር 10 አካባቢ ትጠብቃለች፣ ከዛ ታህሳስ 8። በ30 ቀን የሚመጣባት ያው በዛው ቀን ነው፣ በ33 የሚመጣባት ሶስት ቀን ትጨምራለች። ስልክ አያስፈልጋትም፣ በጭንቅላቷ ትይዘዋለች። ጳጉሜ ላይ ብቻ ነው ልብ የምትለው፣ ነሐሴ 20 የጀመራት ባለ 28 ቀን ልጅ መስከረም 18 ሳይሆን መስከረም 13 ነው የምትጠብቀው፣ አምስቱ ቀን መሀል ስለሚገባ፣ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ስትሆን ደሞ መስከረም 12። አፖቹ የሚያሳዩት በፈረንጅ ቀን ስለሆነ ልጆቹ ወደኛ ሲመጡ ይምታታባቸዋል፣ ኦክቶበር ስንት ነበር እያሉ ስልክ ሲያገላብጡ ነው የሚውሉት።

ከገጠር የሚመጡት እናቶች ይሄን ድሮም ያውቁበታል። አንዷ መጥታ መቼ ነበር የመጨረሻው ስላት በማርያም ማግስት አለችኝ፣ የጥቅምቱ ነው፣ ስለዚህ ጥቅምት 22። እኛ ደሞ 9 ወር ከ10 ቀን ጨምረን ነሐሴ 2 አካባቢ ትወልጃለሽ እንላታለን፣ ጳጉሜን ከተሻገረ አስሩን ቀን በአምስት እንቀይረዋለን። ያች እናት ስልክም የላት ቀኗን ግን ልክ ነው የያዘችው።

ወረቀቱን የት ታድርገው ካልሽ፣ ደብተሯ ጀርባ ላይ ወሩንና ቀኑን ብቻ ትጻፍ፣ "12/2" ቢል ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም። ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይም ትንሽ ነጥብ ማድረግ ትችላለች።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ አፑም ወረቀቱም ግምት ነው። "ዛሬ አያስረግዝም" የሚል አረንጓዴ ቀለም ሲያሳያችሁ አትመኑት፣ ቀናቸው ለማይጠብቅ ልጆች ደሞ ጭራሽ አይሰራም። እርግዝና መከላከል የምትፈልግ ጤና ጣቢያ ትምጣ፣ ጤና ኤክስቴንሽኖቹም ጋ አለ፣ ማንም አይገላምጣችሁም።


የህግ ተማሪ ዲቢ፦

ሲስተር እግዜር ይስጥልን፣ የጳጉሜዋን ነገር እኔ አላውቅም ነበር። በህጉ በኩል አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም እኛ አገር ህግ የለም ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። የህገ መንግስቱ አንቀጽ 26 የግል ህይወት መከበርን ይላል ያ የቆየ ነው፣ አሁን ግን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ በኛ አቆጣጠር በ2016 ነው የወጣው። የጤና መረጃን ለብቻው ጥንቃቄ የሚፈልግ መረጃ ብሎ ነው የሚመድበው፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደፈለጉ እንዳይጠቀሙበት፣ ሰውየው ደሞ ስለኔ ምን እንደያዛችሁ አሳዩኝ፣ ስህተቱን አርሙ፣ አጥፉ ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ጓሳ፣ የአፑ ባለቤት ውጪ አገር ሲሆን ግን እዚህ ሆኖ ማስፈጸሙ ይከብዳል፣ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። እዚሁ አገር ለሚሰሩት ግን በደንብ ይሰራል። አሁን በየቦታው ለሴቶች ጤና ተብሎ አፕ የሚሰሩ ልጆች አሉ፣ ሞዴስ ሲታደልም ስምና ስልክ የሚመዘግብ ፎርም ይመጣል፣ እዛ ላይ ይሄ መረጃ የት ነው የሚቀመጠው፣ ማን ያየዋል፣ መቼ ታጠፉታላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም መብት ነው። ኢሜይል ስትጽፊም አጭር አድርጊው፣ በዚህ ኢሜይል የተከፈተውን አካውንትና ተያያዥ የጤና መረጃ አጥፉ፣ ለሌላ የሰጣችሁት ካለም አሳውቁኝ፣ መጥፋቱን በጽሁፍ አረጋግጡልኝ። ላኪና ኮፒውን ያዢው። ፍሎንና ክሉን የመሳሰሉት የፔሬድ አፖች የአውሮፓ ተጠቃሚ ስላላቸው የማጥፊያ መንገድ አላቸው፣ ክሉ ራሱ በርሊን ያለ ድርጅት ነው የአውሮፓው ህግ ይይዘዋል።


እነዋሪ፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን ስልክ ጥገናን ማንም አላነሳም። የኔ ስክሪን ተሰብሮ ለጥገና ስሰጥ ልጁ ፓተርኑን ንገሪኝ አለኝ፣ ስክሪን ለመቀየር ፓተርን ለምን ብዬ ጠየቅኩት፣ ለመሞከር ነው አለ። ቁጭ ብዬ እስኪጨርስ ጠበቅኩ፣ ሲያልቅ እኔው ከፍቼ ሞከርኩት። አጠገቤ ያለችው ልጅ ግን ፓተርኗን ወረቀት ላይ ጽፋ ስልኩ ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጥፋ ሰጥታ ሄደች፣ ማታ ነው የምወስደው ብላ። ፎቶዋም ቻቷም አፑም ሁሉም እዛው ነው፣ ቀኑን ሙሉ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። አዳዲስ ሳምሰንጎች ላይ ሜይንተናንስ ሞድ የሚባል አለ እሱን ስትከፍቱት ጠጋኙ ስልኩን ይሞክራል የናንተን ግን አያይም፣ ሌላው ስልክ ላይ ከሌለ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ስለ ኖቲፊኬሽኑ ደሞ፣ ብዙ ሰው ሎክ ስክሪን ላይ እንዳይታይ አድርጊ ይላል፣ ጓሳ ግን ያንቺ ወንድም ስልኩን ከፍተሽለት እየደወለ ስለነበር ያ አይረዳሽም። የአፑን ኖቲፊኬሽን ጨርሶ ነው መዝጋት ያለብሽ፣ ኖቲፊኬሽኑ ሲመጣ ተጭነሽ ስትይዢው ማጥፊያው ይመጣል። ማስታወሻ የግድ ካስፈለገሽ የስልኩ ካሌንደር ላይ "እቁብ" ብለሽ አስገቢ፣ አንዳንዶቹ አፖችም ላይ የሚያሳየውን ጽሁፍ መቀየር ይቻላል። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ ፎን ማስተር ውስጥ አፕ ሎክ አለ፣ ሳምሰንግ ላይ ሴኪዩር ፎልደር፣ ፒኑን ከስልኩ መክፈቻ የተለየ አድርጉት፣ ያለዛ ዋጋ የለውም ቤት ያለው ሰው የስልኩን ያውቀዋላ።


ቀወት፦

እነዋሪ የጥገናው ነገር እውነት ነው እኔም ሰጥቼ አውቃለሁ፣ ለሁሉም ጓደኞቼ ነው የምነግራቸው። ጣርማበር ያልከውንም አሰብኩበት፣ የአመታት መዝገብ ያልከው ነገር ገብቶኛል። አፑን አልተውም ደጋግሞ ስለሚያመኝ ለሃኪም ማሳየት እፈልጋለሁ፣ ግን የግንኙነቱንና የስሜቱን ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ አልሞላም፣ የሞላሁትንም እየገባሁ አጠፋለሁ።


የጓሳ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ፣ እንዲህ በዝርዝር የሚመልስልኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። አካውንቱን ዘጋሁት፣ ዲሊት የሚለው ነገር ሄልፕ የሚል ውስጥ ተደብቆ ነው ያገኘሁት፣ ለምን ትሄጃለሽ ብሎ ብዙ ጠየቀኝ ዝም ብዬ አለፍኩት። አድቨርታይዚንግ አይዲውንም አጠፋሁ። ለራሴ ድሪፕን ጭኜ ፓስዎርድ አደረግኩበት፣ ለጓደኛዬም ያንን ኤፒኬ ለሌላ ሰው እንዳትልኪ ብያታለሁ፣ እሷም ደንግጣ ከግሩፑ ላይ አነሳችው።

ለእህቴ የሲስተርን መንገድ ነው የመረጥኩት። ትናንት ደውዬ አስረዳኋት፣ በእናቴ ስልክ ስለሆነ እሷ እሺ እሺ ብቻ ነበር የምትለው፣ ጥቅምት ህዳር ሲባል ማንም ስለማይገባው ግን ቀኖቹን በደንብ ነገረችኝ። ሲስተር አንድ ነገር ልጠይቆት፣ የነገረችኝ ቀኖች በጣም የተራራቁ ናቸው፣ አንዴ 24 ቀን አንዴ 41 ቀን ይሆናል፣ ቀኑን መቁጠር ለሷ ይጠቅማል እንዴ? ክሊኒክ ልውሰዳት ወይስ ልጠብቅ? ክሊኒክ ብወስዳትስ የምትነግራቸውን ለአባቴ ይነግሩብኛል ብላ ትፈራለች።


አዋላጅ ነኝ፦

የኔ ልጅ አይዞሽ። ፔሬድ በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት አመታት እንዲህ መዘበራረቅ ያለ ነው፣ ለልጆች ከ21 እስከ 45 ቀን ድረስ ደህና ነው የምንለው፣ ስለዚህ 24ም 41ም አያስደነግጥም። ቀኑን መቁጠሩ ለግምት ባይረዳትም እኛ ጋ ስትመጣ ይረዳታል፣ ትጻፈው። እስከዛው ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ሞዴስና አንድ የውስጥ ልብስ በፌስታል ጠቅልላ ሁሌ ትያዝ፣ ክፍል ውስጥ ሲመጣባት የሚያድናት እሱ ነው። ትምህርት ቤት ሴት መምህራን ጋም ሞዴስ ይኖራል ትጠይቅ።

ይዘሻት የምትመጪው ከ3 ወር በላይ ከቀረባት፣ ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሳት፣ በሰአት በሰአቱ ሞዴስ የሚያስቀይራት ከሆነ፣ ወይ ህመሙ ከትምህርት የሚያስቀራት ከሆነ ነው፣ የመጨረሻውን ችላ አትበይ፣ ፔሬድ ያማል ተብሎ ዝም የሚባል ነገር አይደለም፣ መድሃኒት አለው። የተናገረችው ለአባቷ አይነገርም፣ ክፍል ስትገባ አንቺ አብረሻት ግቢ፣ ከፈለገች ደሞ ሲስተሯን ብቻዬን ላናግራት ልትል ትችላለች፣ ውጪ ትጠብቂያታለሽ። ካርድ ስታወጡ ምን አመማት ብሎ መዝጋቢው ሰው ፊት ቢጠይቃችሁ ለሲስተር ነው የምንነግረው በሉት፣ ይበቃል። ወረቀቱን ከነቀኖቹ ይዛችሁ ኑ።